እናትሽ በስማቸው ይመዝገቡ

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ደብዳቤ ከሜሪላንድ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴንና የአምስት ዓመት ልጃችንን ይዤ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሐዋሳ እገባለሁ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሪዞርት ውስጥ ለሦስት ሌሊት ክፍል ይዣለሁ። የያዝኩት ለሁለት አዋቂና ለአንድ ሕፃን ነው። እናቴ የምትኖረው ይርጋለም ነው። ካየኋት ስድስት ዓመት ሆነኝ። የልጅ ልጇን ያየችው በስልክ ብቻ ነው። ዋዜማውን መጥታ እኛ ጋ አድራ ገብርኤልን እንድታነግሥ ፈልጌያለሁ። ባለቤቴ ‹ቀን ሊጠይቁን እንደመጡ ሆነው ይግቡና እዚያው ይደሩ፤ ማን ይቆጥራል? እናት ናቸው እንጂ ሌላ ሰው አይደሉ› ይላል። እኔ ግን ከበደኝ። ብናገር አይቻልም እንዳይሉኝ ፈራሁ። ባልናገር ደግሞ እማዬ ፊት እንዳልዋረድ። ምን ይሻለኛል? ናፍቆት ነኝ።»

ውድ ናፍቆት፣

እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም። «የልጅ ልጇን ያየችው በስልክ ብቻ ነው» የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ሆዴ ባባ።

መልሴን ላስቀድም። እናትሽ አንቺ ጋ ይደሩ። ግን ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ መኝታቸው ተከፍሎ፣ እንደማንኛውም እንግዳ ይደሩ። ባለቤትሽ ባሰበው መንገድ አይሁን። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ዘመድ መጣ ሲባል ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጠበብ ጠበብ ተብሎ ይታደራል። ስንት ሆናችሁ አደራችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሪዞርት ግን የሰው ቤት ነው። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ዘበኛውም ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ከዓመታት በፊት ቢሾፍቱ፣ ከሐይቆቹ በአንዱ ዳር፣ ከልጆቼ ጋር ለሁለት ሌሊት አርፌ ነበር። ቅዳሜ እናቴ ከአዲስ አበባ ምሳ ይዛልን መጣች። ሲመሽ ዝናቡ አላስወጣ አለ። «እዚሁ እደሪ» አልኳት። ለማንም አልተናገርኩም። እሷና ትንሿ ልጄ አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈው ተኙ። እያየኋቸው ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ሰማች። እናቴ ቅዳሴ እየሰማች የምትተኛ ሰው አይደለችም። እኛን ላለመቀስቀስ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። በሩ ጋ ዘበኛው ባትሪውን አበራባት። «እማማ፣ የየትኛው ክፍል ነዎት?» የክፍሉን ቁጥር አታውቀውም። «ልጄ ጋ ነው ያደርኩት» አለች። ሪሴፕሽን ተደወለ። መዝገቡ ላይ ስሟ የለም። ዘበኛው አላመናጨቃትም፤ የራሱን ወንበር ለቆ አስቀመጣት። ግን አላሳለፋትም። እኛ ጋ መጥተው እስኪያንኳኩና እኔ እስክደርስ ድረስ በዚያ ብርድ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቆየች። ስደርስ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሳትነግሪያቸው ነው እንዴ ያሳደርሽኝ?»

ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሂሳቡንም ከፈልኩ። ዘበኛው ሥራውን ነው የሠራው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያቺ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

አሁን የአንቺን ነገር ተመልከቺ። እናትሽ የሚመጡት ለገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19 ሌሊት ተነስተው እንደሚወጡ እኔም አንቺም እናውቃለን። በጨለማ ያንን በር ያልፋሉ። ዘበኛውም ይጠይቃቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን በደጃቸው እንግዳ ሲቀበሉ የኖሩ እናት «የማን ነዎት?» ተብለው ሲቆሙ አስቢው።

ሪዞርቶች እንግዳ የሚቆጥሩት ለገንዘብ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሌሊት እሳት ቢነሳ የትኛው ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ አለባቸው። ያደረውን ሰው ሁሉ መታወቂያ አይተው መመዝገብም ይጠበቅባቸዋል፤ ፖሊስ መጥቶ መዝገቡን ሊያይ ይችላል። በዓል ሲሆን ደግሞ ቁጥጥሩ ይጠብቃል። እርግጥ ገንዘብም ነው። ቁርሱ፣ ፎጣው፣ ውኃው በሰው ቁጥር ነው የሚታሰበው። ቀን መጥቶ ሻይ ጠጥቶ፣ ሐይቁን አይቶ መሄድ ሌላ ነው። ለዚያ ብዙ ቦታ ችግር የለም። ማደር ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለየው።

ስለዚህ ደውዪ። ክፍሉን የያዝሽበት ድረ ገጽ ላይ መልእክት ጽፈሽ አትቀመጪ፤ በቀጥታ ሪዞርቱ ጋ ደውዪ። አሜሪካ በክረምት ሰዓቷ ላይ ስትሆን ሜሪላንድና ኢትዮጵያ 8 ሰዓት ይራራቃሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጅሽን ለትምህርት ቤት ስታዘጋጂ እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ውሳኔ መስጠት የሚችል ሰው ቢሮ የሚገኝበት ሰዓት ነው። ስትደውዪ «ይቻላል ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። «እናቴ ታኅሣሥ 18 ማታ ከእኛ ጋር ታድራለች፤ እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» በያቸው። የያዝሽው ክፍል ስንት አዋቂ እንደሚይዝ፣ ኤክስትራ ቤድ ይገባ እንደሆነ፣ ሂሳቡ ስንት እንደሆነ፣ ቁርስ አብሮ ይታሰብ እንደሆነ ጠይቂ። የሚነግሩሽ ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ያካተተ መሆኑንም ጠይቂ። ቫቱ 15 በመቶ ነው፣ ሰርቪስ ቻርጁ ብዙ ቦታ 10 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ 1,000 ብር የተባለው 1,265 ብር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከውጭ አገር ለሚመጣ እንግዳ በዶላር የሚያስከፍሉም አሉ። እናትሽ የአገር ውስጥ ነዋሪ ስለሆኑ የእሳቸው በነዋሪ ዋጋ ይሁን ብለሽ ጠይቂ። የተስማማችሁትን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጽፈው ይላኩልሽ። ያነጋገረሽን ሰው ስምም ያዢ። በዓል ሲደርስ ሠራተኛው በፈረቃ ይቀያየራል፤ ማታ የምታገኚው ሰው ቀን ያነጋገረሽ አይሆንም።

ስማቸውን ስታስመዘግቢ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም ከነአባትና ከነአያት ስጪ። ብዙ እናቶች ሰፈር የሚጠሩበት ስም ሌላ፣ መታወቂያ ላይ ያለው ሌላ ነው። የቀበሌ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎ እንደሆነ ከወዲሁ ይታይ። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ካላቸው ይያዙት።

ደብዳቤሽ ውስጥ ያልተነሳ አንድ ነገር ግን አለ። አልጋው። እኔ ከሪዞርቱ ደንብ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

አማትና አማች አንድ ክፍል ውስጥ ሊያድሩ ነው። ባለቤትሽ «ምን አለበት» ይል ይሆናል። እናትሽም ሲጠየቁ «ምንም አይደል ልጄ» ነው የሚሉት። ግን ቀሚሳቸውን ሳይቀይሩ ጋደም ይላሉ። ሌሊት ውኃ ሽንት ቢያስቸግራቸው አማቻቸው እንዳይነቃ ብለው ችለው ያነጋሉ። ራሳቸውን ሳይገልጡ፣ ጥግ ይዘው፣ ሲነጋ እያዩ ያድራሉ። እንዲህ ያለ ሌሊት አሳልፈው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሊቆሙ ነው።

እኔ የምመክርሽ ይህ ነው። ለዋዜማው ለአንድ ሌሊት ብቻ አንድ ትንሽ ክፍል ለባለቤትሽ ያዢለት። አንቺ፣ እናትሽና ልጅሽ በያዝሽው ክፍል እደሩ። ልብ በዪ፤ ክፍሉ የተያዘው ለሁለት አዋቂና ለአንድ ሕፃን ነው። ባልሽ ወጥቶ እናትሽ ሲገቡ ቁጥሩ ያው ነው። ተጨማሪ አልጋም ላያስፈልግሽ ይችላል። የሚቀረው የእናትሽን ስም በባለቤትሽ ቦታ ለዚያች ሌሊት ማስመዝገብ ነው። «አያቷ ጋ ብቻዋን ትደር» ብለሽ ልጅሽን ሌላ ክፍል እንዳትልኪያት። አያቷን የምታውቀው በስልክ ነው፤ በመጀመሪያዋ ማታ ልታለቅስ ትችላለች። ልጅቷ ስታለቅስ የሚከፋቸው እናትሽ ናቸው። ሦስታችሁ አንድ ላይ ስትሆኑ ግን ሁሉም ይቀላል። ስድስት ዓመት ያልተወራ ወሬ አለ። መብራት ጠፍቶ፣ ልጅቷ መሐል ተኝታ፣ ያ ወሬ ይወራል። ባለቤትሽ ፊት የማይነሳ ብዙ ነገር እንደሚኖር አትጠራጠሪ።

ይህን ቶሎ አድርጊው። የሐዋሳ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ሲነግሥ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይጎርፋል። ሐይቅ ዳሩም ከተማውም ይሞላል፤ የክፍል ዋጋም ከፍ ይላል። ሪዞርቱ ሌላ ክፍል የለኝም ካለሽ ባለቤትሽ አቅራቢያ ያለ ሆቴል ወይም ፔንሲዮን ይደር። እሱ ወጣት ነው፤ ለአንድ ሌሊት የትም ቢያድር ይችለዋል። እናትሽን ግን ሌላ ቦታ አትላኪያቸው። የመጡት ከአንቺ ጋር ለማደር ነው።

ገንዘቡን ቀድመሽ ጨርሺው። እናትሽ ሪሴፕሽኑ ፊት ቆመው የዋጋ ክርክር መስማት የለባቸውም። የአንድ ሌሊት ሂሳብ በብር ሲጠራ ከሰሙ እዚያው በጤፍ ያሰሉታል፣ ከዚያ በኋላ አልጋው አይመቻቸውም። ስንት ከፈልሽ ብለው ከጠየቁሽ አትዋሺ። «እማዬ፣ አስቀድሜ የያዝኩት ነው፣ አልቋል» በያቸው።

ጾሙንም አትርሺ። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ጾመ ነቢያት ነው፤ ገብርኤል የሚውለው መሐሉ ላይ ነው። የሪዞርቱ ቁርስ ቡፌ ለእናትሽ ብዙም አይጠቅማቸውም። ቡፌው ሲነሳ እሳቸው ገና ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ጋር ተነጋገሪና የእሳቸውን ቁርስ ወደ ምሳ ያዙሩላችሁ፤ ሽሮም ሆነ የጾም በያይነቱ ይሁን። ስታስረጂያቸው እሺ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱም ጾመኛ እንግዳ አዲስ ነገር አይደለም። ሐዋሳ መቼም የዓሣ አገር ናት። አንዳንዱ በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል፣ አንዳንዱ አይነካም። ሳትጠይቂ አሣ ጥብስ አዝዘሽ ፊታቸው እንዳታስቀምጪ።

ባዶ እጃቸውን እንደማይመጡ ታውቂያለሽ። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይኖራል። ቆሎ ይኖራል። ለሜሪላንድ የሚሆን በርበሬና ሽሮም ይኖራል። በሩ ላይ ደግሞ ፍተሻ አለ፣ ብዙ ቦታም ከውጭ ምግብ ማስገባት አይፈቀድም። ስትደውዪ ይህንንም ንገሪያቸው። «እናቴ ዳቦ ጋግራ ትመጣለች፤ ምግብ ቤታችሁ ውስጥ አናወጣውም» በያቸው። በሩ ጋ ዳቦውን ሲያስፈቷቸው አንቺ አጠገባቸው ሁኚ። ከመነኻሪያ ራስሽ ሄደሽ ብትቀበያቸው ደግሞ ይሻላል።

ጀበናቸውን ከያዙ ይያዙት፣ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳይያያዝ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ ይወስዳል። ታኅሣሥ ላይ ሐይቁ ዳር ማታ ይበርዳል፤ መስኮትና በር ይዘጋል። ቡናውን ግቢው ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ እንዲያፈሉ አስፈቅጂላቸው፤ ብዙ ሪዞርት ውስጥ የቡና ቦታ ስላለ እዚያ ይቀመጡ። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከቀኑ አስመጪ።

ክፍሉን ስታሳዪያቸው አትቸኩዪ። በሩ በካርድ የሚከፈት ከሆነ አብረሻቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱት። ካርዱ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ መብራት እንደማይበራ አሳዪያቸው፤ አለበለዚያ ብቻቸውን ሲገቡ በጨለማ ይቀመጣሉ። የሻወሩን ሙቅና ቀዝቃዛ ለይተሽ አሳዪያቸው። የመታጠቢያው ወለል ያዳልጣል፤ ፎጣ አንጥፊበት። መስኮቱንም ዝጉ፤ ሐይቅ ዳር ጦጣ ትገባለች፣ የእናትሽን ዳቦ ይዛ እንዳትሄድ። የክፍሉን ቁጥርና ስልክሽን በወረቀት ጽፈሽ መቀነታቸው ላይ ይቋጥሩት።

ይህን ዓምድ ከገልፍ አገሮች ለምታነቡ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። ዱባይ ወይም አቡዳቢ ሆቴል ይዛችሁ እዚያ የምትሠራ እህታችሁን ልታሳድሩ ካሰባችሁ ነገሩ ከዚህ የጠነከረ ነው። የሚያድር አዋቂ ሁሉ በፓስፖርት ወይም በኤምሬትስ መታወቂያ መመዝገብ አለበት። ወረቀቷ በእጇ ከሌለ ወይም መኖሪያዋ ካልታደሰ ሳታስቡት ችግር ላይ ልትጥሏት ትችላላችሁ። እንዲያ ከሆነ ቀን ተገናኙ፣ ምሳ ብሉ፣ ማታ በሰላም ወደ ማደሪያዋ ትመለስ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሪዞርቱ ጨርሶ እምቢ ቢልስ? እምቢ ካሉ አሁኑኑ እምቢ ይበሉ፤ እናትሽ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ከቆሙ በኋላ አይሁን። አሁን ከሆነ ክፍሉን መሰረዝ ወይም ሌላ ቦታ መቀየር ትችያለሽ። መሰረዣው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ክፍሉን ስትይዢ በተላከልሽ ማረጋገጫ ላይ ይኖራል፤ ዛሬ አንብቢው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ሦስቱንም ሌሊት ሐዋሳ ነው የምታድሩት? ይርጋለም ከሐዋሳ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጃቸው ከስድስት ዓመት በኋላ መጥታ፣ ቤታቸው አጠገብ ሆና፣ ሆቴል አድራ ልትሄድ ነው። እናትሽ ይህን አይናገሩም። ጎረቤት ግን ይጠይቃቸዋል። «ልጅሽ መጣች አሉ፣ የታለች?» ሲባሉ ምን እንዲመልሱ ትፈልጊያለሽ? ከቻልሽ ገብርኤልን አንግሣችሁ ታኅሣሥ 20 አብራችኋቸው ይርጋለም ውጡ። አንዲት ሌሊት እሳቸው ቤት እደሩ። ፍራሹን ራሳቸው ያንጥፉላችሁ። ባለቤትሽም መሬት ላይ ቢተኛ ይተኛ፤ እዚያ ማንም አይቆጥርም።

እስከዚያው ሁለት ስልክ ደውዪ። መጀመሪያ ለሪዞርቱ፣ ከዚያ ለእናትሽ። ለእናትሽ «እማዬ፣ ክፍልሽ ተይዟል፣ ስምሽ ተጽፏል፣ መታወቂያሽን እንዳትረሺ» በያቸው። ባለቤትሽን ደግሞ አንድ ሥራ ስጪው። በገብርኤል ዕለት ሌሊት ተነስቶ አማቱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያድርሳቸው፤ በሩ ጋ ሲደርሱም ለዘበኛው የክፍሉን ቁጥር እሱ ይንገር።